የእነሱ ሐምሌ ፀሐይ፣ የእኛ ሐምሌ ጉም፦ የእረፍት ወራትን ትካዜ እንዴት እንሳለው?

ጦሳ ሥር
ሐምሌ 14፣ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምትስሉም፣ ማየት ብቻ የምትወዱም ግቡበት።

ሰሞኑን ደሴ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ሲለኝ የውጭ ሠዓሊዎችን ሥራ ስልኬ ላይ ሳገላብጥ ከረምኩ። ረቂቁን ሳይሆን ሰው የሚታይበትን፣ ፊገራቲቭ የሚባለውን። አንድ ነገር ደጋግሞ ያዘኝ። ሐምሌና ነሐሴን ሲስሉ ሁሉም ፀሐይ ነው። መዋኛ ገንዳ፣ አሸዋ፣ የታጨደ ሣር፣ ነጭ ወንበር፣ ጀልባ። ሰዎቹ እረፍት ላይ ናቸው። ምንም የጎደላቸው አይመስልም። ግን የሚስቅ የለም። ቀኑ ያምራል፣ እኔን ደግሞ ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

የዴቪድ ሆክኒን ሁለት ሥራዎች ልጥቀስ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የ1967ቱ የካሊፎርኒያ ገንዳ ነው። መዝለያ ሳንቃ አለ፣ ባዶ ወንበር አለ፣ ውሃው ተረጭቷል። ሰው ግን አይታይም። የዘለለው ገና ከውሃ አልወጣም። ያ ርጭት በእውን ቢሆን ከሁለት ሰከንድ አያልፍም፤ ሆክኒ ግን እሱን ብቻ ለመሳል ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል። የ1972ቱ ላይ ደግሞ አንዱ ከውሃ ሥር ይዋኛል፣ ሮዝ ጃኬት የለበሰ ሌላ ሰው ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየዋል። አይተያዩም። ሆክኒ ከፍቅረኛው በተለየ ማግስት የሠራው ነው። ይኸው ሥዕል በ2018 በ90.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

እንግዲህ ትካዜው ከየት ነው የሚመጣው? እንባ የለ፣ ጥቁር ልብስ የለ። ይህ አንዱ ጥያቄዬ ነው።

ሌላው የራሴ ጣጣ ነው። የእኛም ልጆች ትልቁ እረፍት በእነዚሁ ወራት ነው። የእኛ ትዝታ ግን ገንዳ አይደለም። ጉም የለበሰ የጦሳ ተራራ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጋቢ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ሲዘንብ የሚያደነቁር የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። እሱን ልሳል ብዬ ስነሳ ወይ ፖስት ካርድ ይሆንብኛል፣ ወይ የእርዳታ ድርጅት ፖስተር። መሃሉ የት ነው?

ኮምቦልቻዊት

መጀመሪያ "የእኛ" የምትለውን አጣራ። ጉሙ የእናንተ ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ከፍታው ግን 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ከደሴ ሹራብ በሹራብ ደርቦ የመጣ ሰው መናኸሪያችን ሲደርስ አንድ በአንድ ሲያወልቅ ብታዩት!

የኮምቦልቻ እረፍት ሙቀት ነው፣ ድንገት ዝናብ፣ ከዚያ መልሶ ፀሐይ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ የሚወጡ እናቶቻቸውን በር ላይ የሚጠብቁ ልጆች። እኔ መሳል ብችል እነሱን ነበር። ስለዚህ ፀሐይና ትካዜ አብረው መሄዳቸው ለእኔ ብርቅ አይደለም።

ብሩሽና ሸራ

ስለ ትካዜው ምንጭ ልበል። ከፊት ገጽታ አይመጣም። ከአቀማመጥ ነው የሚመጣው። ሰውና ሰው መካከል ስንት ባዶ ቦታ አለ? ጥላው ረዝሟል ወይስ አጥሯል? ሰውየው ወዴት ነው የሚያየው?

አሜሪካዊውን ኤድዋርድ ሆፐርን ውሰድ። ዛሬ ያሉት ሁሉ ከእሱ የተበደሩት አለ። ከ1934 ጀምሮ ኬፕ ኮድ በሚባል የባሕር ዳርቻ በሠራው ቤት ሞቃታማዎቹን ወራት ያሳልፍ ነበር። በ1947 የሳለው አንድ የምሽት ሥዕል አለ። ልጅና ልጅት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመዋል፣ አናታቸው ላይ አምፖል። ከብርሃኑ ውጭ ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። እየተጣሉ ይሁን እየተለያዩ አይነግርህም። አንተ ነህ ከራስህ ሕይወት የምትሞላው።

አንድሩ ዋየዝ ደግሞ አለ፣ በ1948 የሳለው። ሜን የሚባለው የአሜሪካ ግዛት፣ የደረቀ ሣር ሜዳ፣ ጀርባዋን የሰጠችን ሴት፣ ራቅ ብሎ ቤት። መጀመሪያ ስታያት ሣር ላይ ጋደም ያለች ትመስላለች። ጎረቤቱ ነበረች፣ እግሯ አይሄድም። ወደ ቤቷ እየተሳበች ነው። ይህን ስታውቅ ያ ሁሉ ሜዳ ርቀት ይሆንብሃል። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያኔ በ1,800 ዶላር ነው የገዛው።

አሌክስ ካትዝ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ እዚያው ሜን ይከርማል። የእሱ ሰዎች እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጥርት ያሉ ናቸው፣ ጥላ የላቸውም ማለት ይቻላል። ትልቁን ሸራ ቀለሙ ሳይደርቅ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ብርሃኑ እንዳያመልጠው ነው። እሱ ላይ ትካዜው ከችኮላው ነው የሚመጣው ባይ ነኝ።

ሸዋበር

አቦ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይህን የሀብታም ትካዜ ነው የምለው። ገንዳ አለው፣ ጀልባ አለው፣ ሁለተኛ ቤት አለው፣ ከዚያ "ልጅነቴ አለፈ" ብሎ ያዝናል። ሌላው ሀብታም ደግሞ ያንን ሐዘን በ90 ሚሊዮን ይገዛዋል። ጋለሪዎች ናፍቆት እንደሚሸጥ ካወቁ ቆይተዋል።

የእኛ ሰፈር ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምን ያደርግ ነበር? ሊስትሮ ይይዛል። ቆሎ ይሸጣል። ገጠር ዘመድ ያለው ለአረም ይላካል። በደብተር ዋጋ ነበር ክረምቱን የምንቆጥረው። የማንን ትዝታ ነው የምትስለው፣ ጦሳ ሥር? ጋቢ ተከናንቦ በመስኮት ዝናብ የሚያየውን ልጅ ነው፣ ወይስ ዝናብ ላይ የነበረውን?

ጦሳ ሥር

@ሸዋበር እኔም መስኮት ያለው ቤት አላደግኩም፣ ወላሂ። ጥያቄህ ግን ትክክለኛ ቦታ ነው የገባው። ሊስትሮ ልጅ ስስል ያው ፖስተሩ ይመጣብኛል። ትልልቅ ዓይን፣ የተቀደደ ሹራብ። ያ ልጅ እኮ እየሠራም ይስቃል፣ ይሰዳደባል፣ ብይ ይጫወታል።

ኮምቦልቻዊት

ሳንቲም ደብቆ ፊልም ቤት ይገባል በል እንጂ።

የሐይቅ ልጅ

ውሃ የለንም ያለው ማነው? ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ሐይቅ አለ። እኛ እዚያ ነው ያደግነው። ዋና የተማርነው እናት ሳታይ ነው፣ የተያዝነው ደግሞ ፀጉራችን ሳይደርቅ ነው።

ስለ ጀልባ ካነሳችሁ ፒተር ዶይግን እዩት። ኤደንብራ ተወልዶ ትሪኒዳድና ካናዳ ነው ያደገው። የካናዳን ሐይቅና ታንኳ የሳለው ግን ለንደን ተቀምጦ ነው። ነጭ ታንኳ ያለበትን ሥዕሉን በ1990ና 91 ሠራው። ታንኳው ከላይ፣ ነጸብራቁ ከታች፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ግራ ያጋባል። መነሻው ደግሞ የአስፈሪ ፊልም ትዕይንት ነው፤ ከፊልሙ ሽብሩን አውጥቶ ዝምታውን አስቀረው። በ2007 በ5.7 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ በሕይወት ላለ አውሮፓዊ ሠዓሊ ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። (ሸዋበር፣ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።)

የእኔ ነጥብ፣ እዚያው ቆመህ የምትስለውና ርቀህ የምትስለው አንድ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ደን እኔ አሁን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ስለዚህ አይናፍቀኝም። አዲስ አበባ ስኖር ግን በእንቅልፌ ይመጣብኝ ነበር።

ከደሴ ርቆ

@የሐይቅ ልጅ እውነትህን ነው፣ ጌታዬ። እኔ አሁን ያለሁበት ከተማ ሐምሌ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሣር ላይ ተንጋሎ ይውላል። ልጆቼ ገንዳ ውስጥ ናቸው። እኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ብርድ ይናፍቀኛል። ላብ ላይ ሆኖ ብርድ መናፈቅ አይገርምም? ደሴ ፒያሳ ላይ በዝናብ መጠለያ ፍለጋ ሱቅ በረንዳ የምንታጨቀው። የማታውቀው ሰው ጃንጥላውን ያካፍልህ ነበር። "አብሽር፣ ያባራል" ይልህ ነበር። ጦሳ ሥር፣ ያንን ሳለው። እከፍልሃለሁ።

ቦርከና

ወሎ ተቀምጠን ትካዜን ከካሊፎርኒያ ገንዳ መጠየቃችን ትንሽ አያስቅም? ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የሰፈራችን ስም ናቸው። ትዝታ ደግሞ አለ። ሐዘንን በሥርዓት መቃኘት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

መሰንቆ መቺውን ልብ በሉት። ያንኑ አንድ ስንኝ ይመላለስበታል። በተመለሰ ቁጥር ትንሽ ያዞረዋል። ወደ መፍትሔ አይሄድም። አድማጩም "ከዚያስ?" አይልም። ሥዕል ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው ካላችሁኝ ታደሰ መስፍን ነው። የወሎ ልጅ ነው፣ 1953 በፈረንጅ ወልድያ የተወለደ፤ አዲስ አበባ ባለው «አለ» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። የሕይወት ምሰሶዎች በሚላቸው ሥዕሎቹ የጉሊት ሴቶችን ደጋግሞ ይስላል። ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ሚዛን ይዘው። ከጀርባቸው ገበያው ይሟሟል፣ ቀለም ብቻ ይቀራል። ያንኑ ነገር እንደገና፣ እንደገና። በእሱ እጅ ካለፉት ወጣቶች መካከልም ሰው ላይ የሙጥኝ ያሉ ብዙ ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ @ብሩሽና ሸራ። የታደሰ ሴቶች ጀርባቸውን አይሰጡህም። ፊት ለፊት ነው የሚያዩህ። ትካዜው ግን አለ። ታዲያ እንደ ዋየዝ ሰውን ጀርባውን አዙሮ መሳል እኛ ጋ ይሠራል?

ብሩሽና ሸራ

@ቦርከና ጥሩ አድርገህ ነካኸው፤ ይህ ነገር ሰፊ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን አስብ። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ከፊት ወይም በከፊል ዞሮ ነው የሚሳለው። በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ሰማዕቱን የሚገድለው ወታደር ነው። ክርስቲያን ሆነም ሙስሊም፣ እዚህ አገር ያደገ ሰው ይህን ሳያውቀው ያውቀዋል። ስለዚህ ሜን ውስጥ ፊቱን ያዞረ ሰው "ብቻውን ነው" ይባላል። እዚህ ስታዞረው "ምን ደብቆ ነው?" ይባላል። ጀርባ መስጠት ደግሞ በልማዳችንም ነውር ነው። ሽማግሌ ፊት ጀርባህን ሰጥተህ ወጥተህ ታውቃለህ?

ያ ማለት አይቻልም ማለት አይደለም። ክብደቱን አውቀህ ተጠቀምበት ነው የምለው። አምስት ልጆች ፊት ለፊት አድርገህ አንዱን ብታዞረው ተመልካቹ ሌላውን ትቶ ስለ እሱ ይጨነቃል። ሆፐር በአምፖል ያደረገውን አንተ በአንድ ጀርባ ታደርገዋለህ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆች፣ ደስ የሚል ወሬ ይዛችኋል። ጥቂት ልጨምር።

ስፔን ውስጥ ሶሮያ የሚባል ሠዓሊ ነበር። የቫሌንሲያን የባሕር ዳርቻ፣ ራቁታቸውን የሚሯሯጡ ልጆችን በመሳል የታወቀ ነው። በ1899 ግን በዚያው ዳርቻ፣ በዚያው ፀሐይ፣ ፖሊዮና ሌላ ሕመም ያሽመደመዳቸውን ልጆች ሳለ። ክራንች ይዘው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ፣ ጥቁር የለበሰ መነኩሴ ይደግፋቸዋል። በ1900 ፓሪስ ላይ ትልቁን ሽልማት ያሸነፈበት ሥዕል ነው። ቀለሙን አላጠቆረም። ፀሐዩን አልቀነሰም። በዚያ አንጀት ይበላል።

ይህን ያነሳሁት የደሴ ክረምት ጉምና በቆሎ ብቻ ስላልሆነ ነው። ገበሬው ጎተራውን የሚጠርግበት ወር ሐምሌና ነሐሴ ነው። የመኸሩ እህል ገና ኅዳር ላይ ነው። በልግ ከከዳ ክረምቱ ረሃብ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1966ትን የረሃብ ዓመት ያየ ሰው ዝናብ ሲሰማ ሁለት ነገር ያስባል። በቅርቡ ደግሞ፣ አሁንም በእኛ አቆጣጠር፣ የ2013ቱ ነሐሴ አለ። ትምህርት ቤቶቻችን ለእረፍት ተዘግተው ሳለ ከሰሜን በተፈናቀለ ሕዝብ ሞልተው ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ሕፃናት ይተኙ ነበር። ያ ዓመት አሥር ዓመት የነበረ የደሴ ልጅ ነገ ሲያድግ የእረፍት ወር ትዝታው ምንድን ነው? እሱንም የሚስል ያስፈልጋል። ለመጮህ አይደለም። ሶሮያ እንዳደረገው፣ ያንኑ ብርሃን ሳይነኩ።

ሸዋበር

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። እኔ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሥዕሉ ላይ ገንዳ ባይኖርም ዋጋ ያለው እንደዚህ ሲሆን ነው።

ጦሳ ሥር

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእርስዎን ካነበብኩ በኋላ ንድፉን ከሥር ጀመርኩት።

ሌላ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሆክኒ ያንን የሁለት ሰው ሥዕል ያሰበው ስቱዲዮው ወለል ላይ ሁለት ፎቶ በአጋጣሚ ጎን ለጎን ወድቀው አይቶ ነው። ዶይግም ከፎቶ ይነሳል። እኔም የቤታችንን አልበም አወጣሁ። የክረምት ፎቶ አንድም የለም! ሁሉም የመስከረም ነው፣ የዒድ ነው፣ የሠርግ ነው። አዲስ ልብስ ለብሰን ፎቶ ቤት ገብተን፣ ከጀርባችን የተሳለ ፏፏቴና የፕላስቲክ አበባ። በዝናብ ማን ካሜራ ያወጣል? ሁለቱ ወራት ከአልበሙ ጠፍተዋል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ደስ አለኝ። ፎቶ ከሌለ የሚይዘኝ ነገር የለም። ከትዝታ ነው የምሠራው።

ንድፉ ይህን ይመስላል። የሱቅ በረንዳ፣ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርድ ጠፈጠፍ ከፊት እንደ መጋረጃ። ከኋላው ስድስት ሰባት ሰው ተጠጋግቶ ቆሟል። ፊት ለፊት ያዩናል። ሊስትሮ አለ፣ ነጠላዋን አናቷ ላይ ያደረገች ሴትዮ አለች፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ያቀፈ ሽማግሌ አለ። አንድ ልጅ ብቻ ዞሮ ወደ መንገዱ ያያል። ማንም አያለቅስም። ግራጫው ግን እየሞተብኝ ነው። ቆሻሻ ይመስላል።

ብሩሽና ሸራ

ጥቁርና ነጭ እያደባለቅክ መሆን አለበት። ተወው። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት አምበር አደባልቅ። ሰማያዊው ሲበዛ የጦሳ ጉም ይሆንልሃል፣ ቡናማው ሲበዛ ጭቃው። ሁለቱም ከአንድ እናት ስለሚወጡ አይጣሉም። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሞቀ ቀለም፣ ትንሽ ኦከር፣ ያ የአፈር ቢጫ። የት እንደምታስቀምጠው አንተ ታውቃለህ።

ኮምቦልቻዊት

የበቆሎው ከሰል ላይ ነዋ! ሌላ የት?

ከደሴ ርቆ

በቆሎ የምትጠብሰዋን ከረሳችኋት ገንዘቤን መልሱልኝ።

ቦርከና

ገና አልከፈልክም እኮ።

እኔ ግን ከሰሉን አልመርጥም። ሁሉም ሰው ዓይኑ እዚያ እንደሚሄድ ያውቃል። ዞሮ የቆመው ልጅ አንገት ላይ፣ በኮሌታውና በፀጉሩ መካከል ትንሽ ኦከር። እሳት ሳይኖር ሙቀት ይኖራል።

ጡረተኛው መምህር

በቦርከና እስማማለሁ። አደራህን፣ የሽማግሌው ጥቅል ውስጥ ምን እንዳለ እንዳትነግረን።

ብሩሽና ሸራ

አንድ የሙያ ነገር፦ በዘይት ቀለም ከጀመርክ በዚህ ብርድና እርጥበት ቶሎ አይደርቅልህም። ወፈር ያለው ቦታ መስከረምንም ያልፋል። ሥሩን በውሃ በሚቀጥነው በአክሪሊክ ቀለም ስስ አድርገህ ሥራ፣ ላዩን በዘይት ጨርስ። የተገላቢጦሹን እንዳታደርግ፣ ይላላጣል። ሸራውን ደግሞ ግድግዳ ላይ አታስደግፈው፣ ከኋላ ሻጋታ ይይዘዋል።

ጦሳ ሥር

ተቀብያለሁ። ቅዳሜ ሸዋ በር ሰፈር ወርጄ የሊስትሮ ልጆቹን በቁማቸው ልነድፋቸው አስቤያለሁ። ከትዝታ ብሠራም የእጅና የእግር አቋቋም ከሰው ነው የሚገኘው።

ሸዋበር

ክፈላቸው። ለአንተ የሚቆሙበት ሰዓት ከሥራቸው ላይ ነው የሚቀነሰው። ጫማህንም አስጠርግ፣ እሱን ለብቻው ክፈል።

ጡረተኛው መምህር

ፈቃዳቸውንም ጠይቅ። ንድፉን ጨርሰህ አሳያቸው፣ የማይመስል ከሆነ ይነግሩሃል። ልጅ አያዳላም።

ጦሳ ሥር

እሺ መምህር። እሺ ሸዋበር። ቅዳሜ ጠዋት ካላባራ እሑድ ነው።